ደብተር ላይ የሌለው ማርሽ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። ቅንጣት ታህል ብጨምርበት ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ሰው «ይኼማ አይሆንም» እንደሚል አውቃለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ብያለሁ። በኋላ ግን ሁለቱንም መኪኖች በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ዳስሼ፣ አንደኛዋን እንዲያውም ገፍቼ አስነስቻለሁ። መኪና የገፋ ሰው አይዋሽም፤ ለመዋሸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውማ።

ግራሶ መካኒክ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከራሷ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እጁ መቼም ከግራሶ ጸድቶ ስለማያውቅ ግራሶ ተባለ፣ አለቀ። ጋራዡ ከአንዲት ቀጭን መንገድ ማዶ ነው። ከመንገዷ ወዲህ ሰማያዊ የብረት በር ያለው ቤት አለ፤ በዚያ ቤት ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ሁለት መኪኖች አፍንጫቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ጎን ለጎን ይቆማሉ። የመጠለያው ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ሳሎን ውስጥ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሌላው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በክር ታስሮ ግራሶ አንገት ላይ ይውላል። ሰውየው ሚስት አላገባም። ቤት የሚለው ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ነው። እሑድ እሑድ ግን ምሳውን የሚበላው ከሰማያዊው በር ውስጥ ነው፤ ወንበሩ የታወቀ፣ ሰሃኑ የታወቀ፣ «ግራሶ ጨው አይወድም» ተብሎ ምግቡ እንኳ በእሱ ልክ የሚሠራለት። ከዚያ ቁልፍ ይልቅ ጣቱን ውሰዱ ቢሉት ጣቱን ይሰጥ ነበር፤ ያውም የቀኙን።

የቤቱ ባለቤቶች ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው በጉብዝናው ዘመን የራሊ ነጂ ነበር፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሰዓት እየተያዘበት መኪና የሚያበር። ያለፈበትን ሰፈር ሁሉ አቧራ አልብሶ ስለሚሄድ «ጋሽ አቧራ» አሉት። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ መንገዱን ከደብተር ታነብለት ነበር። ራሊ እንዲያ ነው፤ ነጂው የሚቀጥለውን ኩርባ አያውቀውም፣ አንባቢዋ ትነግረዋለች። «ግራ ሁለት» ካለች ወደ ግራ የሚጠመዘዝ፣ በሁለተኛ ማርሽ የሚታለፍ ኩርባ መጣ ማለት ነው። «ቀኝ ሦስት፣ ድንጋይ አለ» ካለች ድንጋይ አለ። አቀርቅራ ስለምታነብ መንገዱን አንድ ቀን ቀና ብላ አይታው አታውቅም። መኪናው የት እንደደረሰ የምታውቀው በጆሮዋና በሆዷ ነው። ስሟ «እትዬ ደብተር» ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ሞኝ ሳትሆን ወረቀቱን ሠላሳ ዓመት አልለቀቀችም።

መኪኖቹ እህትማማቾች ናቸው። አንድ ፋብሪካ የወለዳቸው፣ አንድ ስም ያላቸው፣ ሁለቱም ባለ ሁለት በር ኩፔ፣ አፍንጫቸው ሹል፣ ጀርባቸው ቁልቁል። ታላቂቱን ፋብሪካው የሠራት ለራሊ ብቻ ብሎ ነው። ቆርቆሮዋ ስስ፣ ምንጣፍ የላት፣ ማሞቂያ የላት፣ ሞተሯ ትንሽ፣ ማርሿ አራት። ታናሺቱ የመጣችው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ፋብሪካው ሰው ወገብና መቀመጫ እንዳለው ትዝ ብሎት ነበር። ወንበሯ ለስላሳ፣ ዳሌዋ ሰፊ፣ ሞተሯ ትልቅ፣ ማርሿ አምስት፤ ክብደቷ ከታላቋ ክብደት በሦስት ጎልማሳ ይበልጣል። ጋሽ አቧራ በታላቂቱ ሁለት ዋንጫ፣ በታናሺቱም ሁለት ዋንጫ አግኝቷል። ከዚህ የባሰ ቁጥር የለም። ሦስት ለአንድ ቢሆን ኖሮ ጭቅጭቁ ያኔውኑ ባለቀ ነበር።

«ታላቂቱን» ይላል እሱ፣ «ልታዞራት ስታስብ ዞራ ትጠብቅሃለች። ቀላል ነገር አያረጅም።»

«ላባም ቀላል ነው» ትላለች እሷ። «ዳገት ሲወጣ ግን አላየሁም። ታናሺቱ ጉልበት አላት።»

«ጉልበትማ በሬም አለው።»

«እኮ! በሬው ዳገቱን ይወጣላ!»

ይኼ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየምሳው ላይ እንደ ጨው ሲነሰነስ ኖረ። ግራሶ ሌላውን ጨው ባይወድም ይኼኛውን ይወደው ነበር።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ከባሏ ጋር ሌላ ከተማ ስትኖር ቆይታ ተመልሳ ልትመጣ ነው። ሦስት የስፌት መኪና አላት። መስሪያ ቦታ የላትም።

«አባዬ፣ የጓሮውን መጠለያ ስጡኝ» አለች። «አንዷን መኪና በረንዳው ስር አስገቧት። ሌላዋን አሰናብቷት።»

«ማንኛዋን?» አለ ጋሽ አቧራ።

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ፤ እዚህ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ» ብላ ዘጋችው።

ሌላኛዋን የሚወስድ ሰው አልጠፋም። አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት በየበዓሉ እየደወለ «ማንኛዋም ትሁን፣ ብቻ ከፋብሪካ እንደወጣች የሆነች» እያለ የሚለማመጥ። ሰውን አፍ አስከፍቶ የሚውል ሰው፣ እነሱ ዘንድ ሲደርስ የራሱን አፍ ከፍቶ ይጠብቃል።

«እንግዲህ ይለይለት!» አለ ጋሽ አቧራ ጠረጴዛውን መትቶ። «ቅዳሜ ጠዋት፣ የድሮው የተራራ መንገድ። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣ ሽቅብ። መጀመሪያ በታላቂቱ፣ ከዚያ በታናሺቱ። ያሸነፈችው ትቀራለች።»

«ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ» አለች እትዬ ደብተር።

«ያዢ። ግራሶ ደግሞ ከኋላ ተቀምጦ ዳኛ ይሁን። እሱ ለማናችንም አያዳላም፤ ሁለቱንም ያሳደጋቸው እሱ ነው።»

ግራሶ የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ቆመ። «ውኃ ስጡት!» አለች እትዬ ደብተር፤ ሰጡት። የጎረሰው ወረደ፣ ጭንቀቱ ግን እዚያው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነዚህ መኪኖች መለዋወጫ በገበያ የለም። ፋብሪካው ትቷቸዋል፤ ቢገኝ እንኳ ደርሶ እስኪመጣ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል። ስለዚህ ግራሶ የራሱ ዘዴ ነበረው፦ ከአንዷ ተበድሮ ለሌላዋ። መጀመሪያ አንዲት የካንዴላ ገመድ ነበረች፤ «ለአንድ ቀን» ብሎ ከታናሺቱ ነቅሎ ታላቂቱ ላይ ሰካ። በማግስቱ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ የውኃ ፓምፕ። ከዚያ የጉብታ ንዝረት የሚያበርዱ ሁለት ሾክ። ሁልጊዜ «መልሼ እገጥመዋለሁ» ይላል፣ ሁልጊዜም ከልቡ ነው። ብድር ግን እንደ ጥንቸል ነው፤ ሁለት ሆኖ ገብቶ ሃያ ሆኖ ይገኛል።

ከስድስት ዓመት በፊት ባልና ሚስት ልጃቸውን ሊጠይቁ ለአንድ ወር ሄደው ሳለ ግራሶ ታላቂቱን ሊያሞቃት ብሎ አስነሳት። ሞተሯ ነከሰ፤ ውስጡ ያለው ብረት እርስ በርሱ ተጣብቆ ድርቅ አለ። በሳምንቱ እትዬ ደብተር ደወለች፦ «እሑድ እንመጣለን፤ ሰውዬህ የመጀመሪያ ዋንጫውን ቀን በታላቂቱ ዞሬ አከብራለሁ ብሏል።» ግራሶ ምን ያድርግ? የታናሺቱን ትልቅ ሞተር ከነካምቢዮው፣ ማለት ከነማርሽ ሳጥኑ፣ አውጥቶ ታላቂቱ ሆድ ውስጥ ቀበረው። የታላቂቱን ትንሽ ሞተር ደግሞ በሁለት ወር ጠግኖ ባዶ ለቀረችው ለታናሺቱ አለበሳት። እግረ መንገዱን የታናሺቱን ማሞቂያ አወጣ፤ አንዲት ቱቦ ፈልጎበት ነበር። ከምንጣፏ ስር ያለው ወፍራም ንጣፍም በስብሶ ስለነበር ጣለው። የታላቂቱን የማርሽ ዘንግ እራስ ግን አልነካም፤ አራት ማርሽ የተሳለባት ጥቁር ኳስ እንደነበረች ተቀመጠች። ከስሯ ያለው ማርሽ ግን አምስት ነው።

ታዲያ እንዴት አልታወቀም? እነዚህ መኪኖች ከዚያ ወዲህ፣ ግራሶ እስከሚያውቀው ድረስ፣ ከዳቦ ቤት አልፈው አያውቁማ! እዚያም ለመድረስ ሰባት የፍጥነት መግቻ ጉብታ አለ። በሁለተኛ ማርሽ እየዘለሉ ሄዶ በሁለተኛ ማርሽ እየዘለሉ መመለስ ነው። ለዚያማ አህያም በመኪና ስም ብታልፍ ማን ያውቅ ነበር?

የተራራው መንገድ ግን ጉብታ የለውም።

ግራሶ ሰኞ በጠዋት ቁልፉን ይዞ ገባ። ሁሉንም ወደየቦታው ልመልስ ቢል አሥር ቀን ይፈልጋል፤ ያለው አምስት ነው። «ቢያንስ ልጀምር» ብሎ የታላቂቱን ኮፈን ከፈተ። ጋሽ አቧራ ወንበር ይዞ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«አይ፣ ጋሼ… አየር ላስነፍሳት ብዬ ነው።»

«ጥሩ። እኔም ልናፈስ» ብሎ እስከ ማታ አልተነሳም።

ማክሰኞ እትዬ ደብተር አሮጌውን የመንገድ ደብተሯን ይዛ ታናሺቱ ውስጥ ገባች፣ ድምጿን ለማሟሸት። «ግራ ሦስት፣ ቀኝ ሁለት፣ ረጅም ቀጥታ…» እያለች ቀኑን ሙሉ በቆመ መኪና ተራራ ስትወጣ ዋለች። ረቡዕ ግራሶ ዘዴ ለወጠ። «ጋሼ፣ መንገዱ ፈርሷል አሉ» አለ። ጋሽ አቧራ በብስክሌት ሄዶ አይቶ መጣ፤ አዲስ አስፋልት ለብሷል። ሐሙስ «ዝናብ ይመጣል» አለ፤ ሰማዩ እንደተወለወለ ሰሃን ሆኖ ዋለ። ዓርብ «ወገቤን አሞኛል፣ ከኋላ መቀመጥ አልችልም» አለ። እትዬ ደብተር ትራስ ሰፍታ አመጣችለት። ደግነት እንዲህ ሰው ሲያስጨንቅ አይቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ስር ደረሱ። ታናሺቱን ከአንድ ዛፍ ስር አቁመው ታላቂቱ ውስጥ ገቡ። የኩፔ የኋላ መቀመጫ ለሰው የተሠራ አይደለም፤ ባርኔጣ ያስቀምጡበታል። ግራሶ ጉልበቱን ጆሮው ጋ አድርጎ፣ ትራሱን አቅፎ ታጠፈ። በልቡ ቁልፉን እየተሰናበተ ነበር።

«ዝግጁ?» አለች እትዬ ደብተር። መነጽሯን አስተካከለች፣ ሰዓቱን ጨበጠች፣ አቀረቀረች። «ሂድ!»

ጋሽ አቧራ ነዳጁን ረገጠ። ታላቂቱ ኋላዋን ዝቅ አድርጋ ተፈተለከች። ግራሶ ከትራሱ ጋር ከኋላው መስታወት ጋር ተለጠፈ።

«ግራ ሁለት!» ጎማው ጮኸ። «ቀኝ ሦስት፣ ይጠብባል!» ግንቡ በመስኮቱ ስር እንደ ቢላ አለፈ።

«አየሽ?» ብሎ ጮኸ ጋሽ አቧራ። «አየሽ ስትጎትት? ማን ነው ዳገት አትወጣም ያለው?»

«እኔ መንገድ ነው የማነበው! ግራ ሦስት!»

እንዲህ እንዲህ እያሉ የውኃ ማጠራቀሚያው ጋ ያለው ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ ደረሱ። እዚያ ደብተሩ የሚለው «አራት፣ እስከ መጨረሻው» ነው። ጋሽ አቧራ አራተኛ ከተተ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ሌላ የሚጮኽበት እስኪያጣ ጮኸ። ግራሶ ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ የጋሽ አቧራ እጅ እንደ ሌባ ቀስ ብላ ሄዳ ዘንጉን ወደ ቀኝ ወደ ላይ ገፋችው። ጩኸቱ ወረደ፣ መኪናዋ ዘና አለች፣ ፍጥነቱ ግን ጨመረ።

እትዬ ደብተር ማንበብ አቆመች። የአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አቁማ አታውቅም። ከዚያ «ቀኝ ሁለት፣ ጥልቅ!» ብላ ቀጠለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ጫፍ ሲደርሱ ሰዓቱን አየች። «አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ።» ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ቁልቁል ተመልሰው መኪና ቀየሩ፤ ግራሶም ትራሱን ይዞ ከአንዱ ባርኔጣ ማስቀመጫ ወደ ሌላው ተዛወረ።

ታናሺቱ በትንሹ ሞተር ስትነሳ የማትቸኩል እመቤት መስላ ነበር። ኩርባዎቹ ሲጀምሩ ግን ሌላ ፍጥረት ሆነች። አፍንጫዋ ላይ የነበረው ከባድ ብረት ወርዶላታል፤ ማሞቂያው የለም፣ ንጣፉ የለም። መሪው ገና ሲነካ ዞራለች። «ግራ ሁለት!» እልም። «ቀኝ ሁለት!» ጥምዝ። እትዬ ደብተር አቀርቅራ እያነበበች እግሯን ወለሉ ላይ ትመታ ጀመር።

«ማን ነው በሬ ናት ያለው? ሆዴ እኮ አያውቀውም መሰለህ! እንደ ዓሣ አይደል የምትዞረው? ግራ ሦስት!»

«ቀጥታው ላይ ግን ጉልበት የላትም!» አለ ጋሽ አቧራ።

ጫፍ ላይ ደረሱና እትዬ ደብተር ሰዓቱን አየች። አሻሸችው። እንደገና አየችው።

«አሥራ አንድ ከአርባ ሁለት።»

«እኩል?»

«እኩል።»

ከመኪናው ወርደው ጀመሩት።

«ዳገት ላይ ዋናው ጉልበት ነው!» አለ ጋሽ አቧራ። «መሪ ስታሽከረክሪ መኖር ምን ዋጋ አለው? የሚጎትት ያስፈልጋል!»

«ሂድ ወዲያ! ዋናው ቀላልነት ነው» አለች እትዬ ደብተር። «ካልዞረች ጉልበቷ ገደል ነው የሚከታት!»

ግራሶ ከኋላ መቀመጫው ራሱን እየጎለጎለ ሲወጣ ሰማቸው። እሱ የእሷን የሠላሳ ዓመት ክርክር ይዞ ይጮሃል፤ እሷ የእሱን። ሞተሩን ብቻ መስሎት ነበር የለዋወጠው፤ ለካ ባልና ሚስቱንም ለዋውጧቸዋል! ሊስቅ አማረው። ሳቁ ግን ከአፉ ሳይወጣ እትዬ ደብተር ድንገት ዝም አለች። ደብተሯን ዘጋችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ አወጣች።

«ቆይ እስቲ» አለች። «የታላቂቱ ደብተር ውስጥ አምስት የለም።»

«ምን አልሽ?» አለ ጋሽ አቧራ፤ ግን ትንሽ ቶሎ አለው።

«ሠላሳ ዓመት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ግራ ሁለት አለ፣ ቀኝ ሦስት አለ፣ አራት አለ። አምስት የለም። የውኃ ማጠራቀሚያው ጋ ግን ከአራት በኋላ አንዴ ተቀየረ፤ ሰምቼዋለሁ። አንተ ሰውዬ፣ እጅህ የት ነው የሄደችው?»

ጋሽ አቧራ እጁን ኪሱ ከተተ። እትዬ ደብተር ወደ ግራሶ ዞረች።  ግራሶን ላብ አጠመቀው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሱ ግን በአንድ ጊዜ ፀሐይ ወጣበት።

«እትዬ» አለ፣ «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገራቸው። የካንዴላውን ገመድ፣ ፓምፑን፣ ሾኮቹን፣ የነከሰውን ሞተር፣ ማሞቂያውን፣ ንጣፉን። ሲናገር መሬት መሬቱን ያያል። ሲጨርስ ክሩን ከአንገቱ አወለቀና ቁልፉን የታናሺቱ ኮፈን ላይ አስቀመጠ።

«ያመናችሁኝን ያህል አልሆንኩም። መልሼ ልገጥም ነበር፤ ግን አልገጠምኩም። ቁልፉ ይኸውላችሁ። እሑድም… አልመጣም።»

 ከዚያ ጋሽ አቧራ ሳል ሳል አለው።

«ግራሶ» አለ። «እ… እኔ እኮ አውቃለሁ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«አምስተኛውን። ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እሷ ገበያ ሄዳ ሳለ ታላቂቱን ወደ ቀለበት መንገዱ አወጣኋት። እጄ ቢገፋ ገባ። ወይ ጉድ! አልኩ። ከዚያ ወዲህ እሷ ገበያ በሄደች ቁጥር እኔ አምስተኛ እገባለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አለች እትዬ ደብተር።

«እንዴት ልናገር? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አራት ይበቃል ስልሽ ኖሬ! የአንቺ ሞተር እንደሚሻል በገዛ አፌ ላምን ነው?»

  እትዬ ደብተር ቀና ብላ ተራራውን አየች፤ መንገድ አይታ የማታውቅ ሰው ተራራ ማየት ጀመረች።

«አንቺስ?» አለ ጋሽ አቧራ ዓይኑን አጥብቦ። «ሴትዮ፣ አውቅሻለሁ። አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«እኔን እዪኝ።»

«እሺ በቃ!» አለች። «እግሬን በረደኝና ማሞቂያውን ብከፍት የለም። ኮፈኑን አንስቼ ሳይ ያ ትንሹ ሞተር ተቀምጦ ያየኛል። ልናገር ነበር። ግን ያን ቀን ዳቦ ቤቱ ጋ ስትዞር… እንዴት እንደዞረች ባየህ! ከነገርኩት ግራሶ መልሶ ይቀይርብኛል ብዬ ፈራሁ። ለአንተም ‹ቀላል ነገር ደግ ነው› ከምልህ ምላሴን ብውጥ ይሻለኝ ነበር።»

ግራሶ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። መጀመሪያ ነፍሱ ተመለሰች። ቀጥሎ ደሙ ፈላ።

«ስድስት ዓመት!» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ኮፈን በከፈታችሁ ቁጥር እኔ ወደ ማዶ እየሸሸሁ! እሑድ እሑድ ምግቡ አልወርድ እያለኝ! እናንተ ግን እያወቃችሁ ‹ብላ እንጂ ግራሶ› ትሉኛላችሁ? ዓርብ ደግሞ ትራስ ይሰፋልኛል!»

«ወገቤን አሞኛል አልክ እኮ» አለች እትዬ ደብተር።

«ዋሽቼ ነው!»

«እኔም ትራሱን የሰፋሁት እንደዋሸህ ገብቶኝ ነው፤ ማምለጫ እንዳታገኝ።»

ጋሽ አቧራ ነው መጀመሪያ የሳቀው። ከዚያ እሷ። ግራሶ ትንሽ ለክብሩ ያህል ተኮሳትሮ ቆየና እሱም ተሸነፈ። ቁልፉን ከኮፈኑ ላይ መልሶ አንገቱ ላይ አጠለቀ፤ ማንም ውሰድ አላለው፣ ማንም ተው አላለው።

የጥርስ ሐኪሙ ጉዳይ ግን ቀረ። እትዬ ደብተር እዚያው ተራራው ጫፍ ላይ ሆና ደወለችለትና እውነቱን አንድ በአንድ ነገረችው።  ሰውየው «ሁሉም ወደየቦታው ይመለስና አንዷን ስጡኝ» አለ።

«ይመለስ?» አለ ጋሽ አቧራ ስልኩ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ። «አምስተኛዬ ይነቀል?»

«የእኔስ አፍንጫ እንደገና ይክበድ?» አለች እትዬ ደብተር።

«ጋሼ፣ እትዬ» አለ ግራሶ፣ አሁን መካኒክነቱ ተመልሶለት። «እነዚህ መኪኖች እኮ ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩት አንዷ ከሌላዋ እየተበደረች ነው። አንዷ ዛሬ ብትሄድ፣ የቀረችው በዓመቷ ትከተላታለች። ለይታችሁ ከሰጣችሁት ሐኪሙም እናንተም ሬሳ ነው የምትካፈሉት።»

«ታዲያ ልጅቷ የት ትስፋ?»

ግራሶ ራሱን አከከ። ጋራዡ ውስጥ ጎማ የሌለው አሮጌ አውቶቡስ ነበረው፤ መሣሪያውንና የሰበሰበውን ኮተት ያጭቅበታል። «እሱን ላወጣው» አለ። «አንዷ እኔ ዘንድ ትደር። መንገዷን መሻገር ነው። በየወሩ ይቀያየሩ፤ አንዷ በረንዳው ስር፣ አንዷ እኔ ጋ።»

እንዲያው ሆነ። አውቶቡሱን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀ፤ ከኮተቱ መሀል ሲታሰሱ የኖሩ አሥራ ሰባት መፍቻዎችና የታናሺቱ ማሞቂያ ተገኙ። ልጅቷ መጣች፣ ሦስቱን የስፌት መኪናዎች መጠለያው ውስጥ ደረደረች። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊው በር ውስጥ ስፌት መኪና ሲንጫጫ ይውላል።

እትዬ ደብተር አንድ ሕግ ብቻ አወጣች፦ ከአሁን ወዲያ ግራሶ አንዲት ብሎን እንኳ ሲበደር መጀመሪያ ምሳ ላይ ይጠይቅ። ግራሶ በደስታ ተስማማ። በሦስተኛው እሑድ ሰሃኑ ፊት ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ጋሼ፣ አንዲት የራዲያተር ቱቦ ተቀደደች። ከእህቷ ልበደር ብዬ…»

ሁለቱም ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ከማን?» አሉ በአንድ ድምፅ።

ልጅቷ ሰሃኗን አንስታ ወደ ስፌቷ ሄደች፤ ባሏን በእጁ ጎትታ ወሰደችው። የቀሩት ሦስቱ እስከ አሥር ሰዓት አልተነሡም። ምግቡ ቀዘቀዘ። ግራሶ ቀዝቃዛውን በላ፣ ደገመ፣ ሲነሣም «ቱቦዋን ከሱቅ እፈልጋለሁ» ብሎ ወጣ፤ ሲወጣ ግን እያፏጨ ነበር።

እንግዲህ ይኼ ነው። ሁሉም እውነት ነው አልኳችሁ፣ እውነትም ነው፤ ከአንዲት ነገር በቀር። ሁለቱ መኪኖች እኩል ገቡ ያልኩት የእኔ ፈጠራ ነው። አንደኛዋ በአራት ሰከንድ በልጣለች። እትዬ ደብተር ቁጥሩን የጻፈችበትን ገጽ ቀድዳ ኪሷ ብትከተውም፣ ግራሶ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ አይቶ ነግሮኛል። ማንኛዋ እንደሆነች ግን አልናገርም። በሚመጣው እሑድ እኔም ምሳ ተጠርቻለሁ።